እህሉና አገዳው፤ ሩዝ ለከብት መኖ የተዳቀለበት ታሪክ

የእህል ታሪክ በተጻፈ ጊዜ ሁሉ የሚነገረው ስለ ፍሬው ነው። ስንዴው ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ፥ በቆሎው ይህን ያህል ሰጠ ይባላል፤ ፍሬውን ተሸክሞ ስለ ቆመው አገዳ የሚጽፍ ሰው ግን ጥቂት ነው። የገበሬው ሂሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ገበሬ ከአውድማው ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ አንዱን በጎተራው ያገባል፥ ሁለተኛውን በግቢው ይከምራል። ክምሩ ያነሰ እንደ ሆነ በሬው በበጋ ይከሳል፤ በሬው የከሳ እንደ ሆነም እርሻ በተጀመረ ጊዜ ሞፈሩን የሚስብ ጉልበት አይገኝም። ስለዚህ የከርሞው ጎተራ ከዘንድሮው ክምር ጋር የተሳሰረ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ስለ ሩዝ ነው። ሩዝ በመላው ዓለም የሰው ምግብ ሆኖ ሲታወቅ፥ ጃፓኖች ግን ለላም ብለው ዘሩን አዳቅለው፥ ፍሬው እንዲያንስና አገዳው እንዲጣፍጥ አድርገውታል። ይህ ሥራ ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች ጋር ምን ዝምድና አለው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ዝምድናውን ለማስረዳት ጥቂት መንገድ እንድንዞር ይፍቀድልን። ዓመታቱንም የሀገራችንን በዓመተ ምሕረት፥ የውጭውን ሀገር እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።

ጅማ፥ አጋሮ፥ ሊሙ ገነት፥ ጌራ፥ ሸቤ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው ቡና ነው። ሆኖም የቡና ገበሬም በቆሎውንና ጤፉን የሚያርሰው በበሬ ነው፤ ልጆቹንም የሚያሳድገው በላሚቱ ወተት ነው። የዚህ ሀገር የመኖ ችግር የራሱ ጠባይ አለው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሣሩ ለምልሞ ባለበት በመስከረም ታጭዶ ድርቆሽ ይሁን ቢባል ዝናቡ ያበሰብሰዋል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በበረታች ጊዜ ደግሞ ሣሩ አርጅቶ እንጨት ሆኖ ይገኛል። ያም ጊዜ የቡና ለቀማ ወራት ስለ ሆነ፥ በቤት ያለው እጅ ሁሉ ወደ ቡናው ይሰማራል እንጂ ለከብት የሚያጭድ ሰው አይገኝም። ከገና በኋላ ከብቱ ወደ ጨፌው ይወርዳል፤ በጅማ አጠገብ እንዳለው እንደ ቦዬ ያለው ረግረግ ሁሉ በበጋ የከብት መጠጊያ ነው። ነገር ግን እርሻውና ባሕር ዛፉ ከየአቅጣጫው እየገፉት ጨፌው እየጠበበ ሄዷል። ስለዚህ ሣሩ በሞላበት ወር ቆጥቦ ሣሩ በጠፋበት ወር ማብላት ለዚህ ሀገር ዋና ጉዳይ ነው፤ ለድርቆሽ ደግሞ ሰማዩ አይመችም።

ሣርን ሳያደርቁ፥ እርጥብ እንዳለ አምቆ ማኖር የሚቻልበት ዘዴ ገፈራ ይባላል፤ በውጭ ቋንቋ ሳይሌጅ የሚሉት ነው። ስሙ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ ለምዕራብና ለደቡብ ኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። እንሰት የሚተክል ሰው ግንዱን ፍቆ፥ አብኩቶ፥ በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀብረዋል፤ አየር እንዳይገባበት ጠቅጥቆ ድንጋይ ይጭንበታል። ከወራትም በኋላ ሲከፍተው ቆጮ ሆኖ ይቈየዋል። በጉድጓዱ ውስጥ የሆነው ነገር ይህ ነው፤ አየር ሲታጣ አበስባሹ ረቂቅ ነፍሳት ይሞታል፥ ወተትን እርጎ የሚያደርገው ዓይነት ግን ይበረታል። እርሱም በተክሉ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበላ ላክቲክ አሲድ የሚሉትን ኮምጣጣ ነገር ይሠራል፤ ኮምጣጣነቱም ሌላውን አጥፊ ሁሉ ይከለክላል። ገፈራ ማለት ለከብት የተሠራ ቆጮ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ፈረንሳዊው ገበሬ ኦግዩስት ጎፋር እ.ኤ.አ. በ1877 በቆሎን እንደዚህ አድርጎ ስለ ማኖር መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ አውሮፓና አሜሪካ እንደ ታላቅ ግኝት ተቀበሉት። ፊንላንዳዊው አርቱሪ ቪርታኔን ደግሞ መኖው ፈጥኖ እንዲኮመጥጥ አሲድ መጨመርን ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1945 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቆጮን የፈለሰፉት እናቶች ስማቸው በየትም መዝገብ አልተጻፈም፤ ይህን በማለፍ እንጠቅሳለን።

ለገፈራ የሚመቸው ተክል ስኳር ያለው፥ ሲጠቀጠቅም አየር የማይዝ ነው። በቆሎ ሁለቱንም ያሟላል። ሩዝ ግን አገዳው እንደ ቧንቧ ባዶ ስለ ሆነ አየር ይይዛል፤ ስኳሩም ጥቂት ነው። ፍሬው ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀረው ገለባ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከመቶ አሥር ያህሉ ሲሊካ የሚባለው የአሸዋ ባሕርይ ሲሆን፥ የሥጋ ገንቢው ንጥረ ነገር ከመቶ አራት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሩዝን ለከብት ማሰብ ከጅምሩ አስቸጋሪውን መንገድ መምረጥ ነበረ።

የሩዝ ዘር አሻሻዮችም ለረጅም ዘመን የሄዱት ወደ ተቃራኒው ነው። በፊሊፒንስ፥ በሎስ ባኞስ፥ ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1960 ተቋቋመ፤ በ1966ም አይ አር 8 የተባለውን ዘር አወጣ። ይህ ዘር ረጅሙን የኢንዶኔዢያ ፔታ ከታይዋን ድንክ ሩዝ ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። የቀድሞው ሩዝ ማዳበሪያ በበዛለት ጊዜ ይረዝምና በራሱ ክብደት ይወድቅ ነበረ፤ አይ አር 8 ግን ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። በቀድሞው ተክል ፍሬው ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ሠላሳ ያህል ሲሆን፥ በአዲሱ ከመቶ አምሳ ያህል ደረሰ። በእስያ ረኃብን ስለ ገታ ምስጋናው የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ለፍሬው የተጨመረው ከአገዳው ድርሻ የተወሰደ ነበረ። ከመቶ ሰባው አገዳ የነበረው ተክል ከመቶ አምሳ ሲሆን ጎሹ ምን ይበላል ብሎ በዚያን ጊዜ የጠየቀ ጥቂት ነው፤ በሽልማቱም በመዝገቡም ላይ የተቆጠረው ኩንታሉ ብቻ ነውና።

አገዳውን መልሶ እንዲያድግ ያደረገችው ረኃብ ያለባት ሀገር ሳትሆን ሩዝ የተረፋት ሀገር ናት። በጃፓን አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ሩዝ እ.ኤ.አ. በ1962 እስከ 118 ኪሎ ደርሶ ነበረ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ዳቦና ሥጋ ወተትም እየለመደ ሲሄድ ቁጥሩ እየወረደ መጥቶ ከግማሽ በታች ሆነ። መንግሥትም ከ1970 ጀምሮ ገበሬው የሩዙን ማሳ እንዲቀንስ ገንዘብ እየከፈለ ያግባባ ጀመር፤ ይህ ሥርዓት እስከ 2018 ቈየ። በአንድ ወገን የሩዝ ማሳ ጦሙን ሲያድር፥ በሌላ ወገን ሥጋና ወተት የሚሰጡት ከብቶች ከባሕር ማዶ በመጣ በቆሎና ገለባ ይቀለቡ ነበረ። በ2000 በጃፓን የአፍተግር በሽታ በተነሣ ጊዜ ከውጭ የመጣው ገለባ ተጠረጠረ፤ ይህም በራስ ማሳ የበቀለ መኖ ይሻላል ለሚሉት ትልቅ ማስረጃ ሆነላቸው። የሩዝ ማሳ ውሃ የሚተኛበት ስለ ሆነ በቆሎ በቀላሉ አይበቅልበትም። ለዚያ መሬት የሚስማማው ያው ሩዙ ነው። እንግዲያስ ሩዙን እንደ ሩዝ ዘርቶ፥ እንደ ሣር አጭዶ፥ አገዳውን ከነዛላው ገፈራ ማድረግ ተጀመረ።

በዚህ ጊዜ ሦስት ችግሮች ተገለጡ። የመጀመሪያው የነገርነው ነው፤ ስኳሩ ጥቂት ስለ ሆነ ገፈራው በሚገባ አይኮመጥጥም። ለዚህ ተመራማሪዎቹ በሩዝ ገፈራ ውስጥ የሚበረታ ረቂቅ ነፍስ ለይተው ቺኩሶ 1 ብለው ሰየሙትና በሚታጨደው ላይ የሚረጭ እርሾ አደረጉት። ሁለተኛው ችግር አስገራሚ ነው። የሩዝ ፍሬ በጠንካራ ገለፈት የተሸፈነ ስለ ሆነ ላሚቱ ሳታኝከው ብዙው ሳይፈጭ ከእበቷ ጋር ይወጣል። ስለዚህ አሻሻዮቹ የደከሙበት ፍሬ በከብቷ ሆድ አልፎ ወደ ጉድፍ ይሄድ ነበረ። ሦስተኛው፥ ዛላው የከበደ ረጅም ሩዝ እንደ ጥንቱ ይወድቃል።

በሂሮሺማ ግዛት በፉኩያማ የነበሩት የመንግሥት ተመራማሪዎች ሦስቱንም ችግሮች በአንድ ምርጫ ለመፍታት አሰቡ። ፍሬው ለከብቷ የማይጠቅም ከሆነ ለምን እናበዛዋለን አሉ። ዛላው እጅግ አጭር የሆነ፥ ሌላው አሻሻይ ቢያየው ነቅሎ የሚጥለውን ሩዝ ወስደው ከረጃጅሞቹ ጋር አዳቀሉት። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬ የደረሰው ታቺሱዙካ የተባለው ዘር ከዚህ ሥራ ተገኘ። አገዳው ረጅም፥ ቅጠሉ ብዙ፥ ዛላው አጭር ነው። ተክሉ በቅጠሉ የሚሠራው ስኳር የሚሄድበት ፍሬ ስላጣ በአገዳው ይቀመጣል፤ ስለዚህ ገፈራው በራሱ ስኳር ይኮመጥጣል። ራሱ ቀላል በመሆኑ አይወድቅም፤ ላሚቱም የማትፈጨው ፍሬ ጥቂት ነው። በተፈጥሮ ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር የለም፤ አሻሻዮቹ የሚመርጡበትን ሚዛን ብቻ ለወጡ። ለዚህ መኖ የሚዘራ ገበሬ ለሄክታር 800 ሺህ የን የመንግሥት ድጎማ ያገኝ ስለ ነበረ ማሳው በፍጥነት ሰፍቶ ከ40 ሺህ ሄክታር በላይ ደረሰ። አጫጁ ማሽን በጭቃ ላይ በሰንሰለት እየሄደ ያጭዳል፥ ይጠቀልላል፥ ሌላውም በፕላስቲክ ይሸፍነዋል፤ በገጠሩም እንደ ትልቅ የጥጥ ድብልብል ነጫጭ ሆኖ ተቀምጦ ይታያል።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ሩዝ በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ እህል ቢሆንም የዱር ዘመዱ በጣና ዳር በፎገራ ረግረግና በጋምቤላ ከጥንት ጀምሮ ይበቅላል። በፎገራ እርሻው የተስፋፋው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በገበሬዎች ማኅበራት ካስጀመሩት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ገበሬው የሚወደው ዘር ኤክስ ጂግና ይባላል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ያ ሜዳ ከዚያ በፊት የከብት ሜዳ ነበረ፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ሩዙ ለወረታና ለአካባቢው ብልጽግናን አመጣ፤ ሜዳውን ግን ወሰደው። የፎገራ ከብት ቁጥሩም ንጽሕናው እየቀነሰ ሄዷል፤ የቀረውም በበጋ የሚበላው የዚያኑ የሩዝ ገለባ ነው። በየግቢው የቆመውን ክምር ያየ ሰው ሩዙ ለከብቱ የነሣውን በምን እንደሚከፍለው ይገባዋል፤ ክፍያውም አነስተኛ ነው፤ ገለባው ከነሲሊካው ነውና።

በቡናው ሀገር አጠገብ የሆነው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1996 በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ብዙ ሺህ አባወራዎች ተነሥተው፥ በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ዞን ሥር በነበረው፥ ዛሬ በቡኖ በደሌ በሚገኘው በጨዋቃ በዴዴሳ ሸለቆ ሰፈሩ። በሐረርጌ ማሽላ የለመደ ገበሬ በዚህ ሩዝ አገኘ፤ ዛሬ ጨዋቃ በምዕራቡ ክፍል ከታወቁት የሩዝ ወረዳዎች አንዷ ናት፤ በስሟ የተጠራ ዘርም ተለቋል። በሰፊው ከተሞከሩት ዘሮች መካከል ኔሪካ 4 የሚባለው ይገኛል። ኔሪካ የተባሉት ዘሮች በምዕራብ አፍሪካ የሩዝ ልማት ማኅበር፥ የሴራሊዮኑ ተወላጅ ሞንቲ ጆንስ የአፍሪካን ሩዝ ከእስያው ጋር አዳቅሎ ያስገኛቸው ናቸው፤ ስለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍሏል። ኔሪካ ውሃ በማይተኛበት መሬት በዝናብ ብቻ ይበቅላል፤ ፈጥኖም ይደርሳል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ሰዎቹ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። የሐረርጌ ገበሬ በሬ አደላቢ ነው። ማሽላውንና በቆሎውን አጥብቆ ይዘራና፥ ከዚያ እያሳሳ የነቀለውን ለጋ አገዳ በእጁ ለበሬው ያጎርሳል፤ ቅጠሉንም ከቆመው ተክል እየቀነሰ ይሰጣል። እህሉ ገና ሳይደርስ በሬው ግማሽ ደልቦ ይገኛል። በአንድ ማሳ ላይ ለሰውም ለከብትም መዝራት ለዚህ ገበሬ ትምህርት አይደለም፤ አባቱ ያወረሰው ነው። ፉኩያማ በብዙ ዓመት ድካም የደረሰበትን ሐሳብ፥ ይኸውም የእህል ተክል መኖም ነው የሚለውን፥ ይህ ሰው ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀዋል። የጎደለው አገዳውን አስቦ የተመረጠ ዘር ነው።

ዘር መርጦ ማውጣት ደግሞ በጅማ አዲስ ሙያ አይደለም። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1942 ኢትዮጵያን ጎበኙ፤ ኋላም የአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ ኃላፊ ሆነው ሳለ በታኅሣሥ 1944 በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የጠነሰሱት ሥራ ግን አልቀረም፤ በ1945 የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዓለማያ ኮሌጅ ሕንጻ እስኪያልቅ ድረስ የኮሌጁ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተማሩት በዚሁ በጅማ ነው። ትምህርት ቤቱ በየዘመኑ ስሙንና ደረጃውን እየለወጠ ቈይቶ በ1992 ከጤና ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአቅራቢያው ባለው በመልኮ ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ከተቋቋመ በኋላ የምርምር ጣቢያ ተከፈተ።

የመልኮ ትልቁ ፈተና የመጣው በቡና ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 ታየ፤ ለጋውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ ነው። አዳቅሎ አዲስ ዘር ለማውጣት ብዙ ዓመት ያስፈልግ ነበረ፤ ገበሬው ግን የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ ከፋና ወደ ኢሉባቦር ጫካ ገብተው፥ ጎረቤቶቹ ሁሉ ፍሬያቸውን ሲያረግፉ እርሱ ብቻ ፍሬውን ይዞ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ምልክት አደረጉበት። ዛሬ የጅማና የአጋሮ ገበሬ በቁጥር የሚጠራቸው 741፥ 74110፥ 74112፥ 74148 ከዚያ ፍለጋ የመጡ ናቸው፤ መነሻው 74 የተመረጡበት የእ.ኤ.አ. 1974 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬ ደረሱ። በጫካው ያለውን ሀብት ያወጣው የጥያቄው ግልጽነት ነው፤ ብዙ ፍሬ ያለውን ሳይሆን በሽታውን የሚችለውን ፈለጉ፥ አገኙትም።

እንግዲህ ለሩዙ የምንጠይቀው ምን ይሁን? የጃፓንን ዘር እንዳለ አምጥቶ መዝራት ለእኛ የሚሆን አይመስለንም። ኢትዮጵያ ሩዝ ከውጭ በምንዛሪ የምትገዛ ሀገር ናት፤ ለፍሬ የሚሆነውን ማሳ ፍሬ ለሌለው ሩዝ የሚሰጥ ገበሬም አይገኝም። ጃፓን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት በሱቆቿ ሩዝ ታጣ፤ በተከታዩ ዓመት ዋጋው እጥፍ ያህል ሲሆን፥ ለከብት ይዘራ የነበረው ማሳ ወደ ሰው ምግብ መመለስ ጀመረ። ለትርፍ ዘመን የተሠራ መሣሪያ በእጥረት ዘመን ምን እንደሚሆን ከዚህ ይታያል። ለእኛ የሚበጀው የፉኩያማን ዘር ሳይሆን የፉኩያማን ሚዛን መዋስ ነው፤ ይኸውም በሙከራ ማሳ ላይ ፍሬው በተመዘነበት ቀን አገዳውንም መመዘን፥ የሚፈጨው ምን ያህል እንደ ሆነ መርምሮ መጻፍ፥ ሁለት ዘሮች በፍሬ እኩል በሆኑ ጊዜ አገዳው የተሻለውን መልቀቅ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ የመዝገብ ዓምድና ጥቂት የቤተ ሙከራ ወጪ ነው። በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል፤ በዚህ ረገድ የመዝገብ ሠራተኞች የሆንን ሰዎች ከማንም ይልቅ ይገባናል።

ከዚህም ሌላ በተለይ ለጅማ ደጋማ ክፍል የሚሆን አንድ ሐሳብ አለን። ሩዝ የሙቀት ልጅ ነው። ዛላው ሊወጣ ሲል ብርድ ያገኘው እንደ ሆነ አበባው ይመክንና ዛላው ባዶ ይቀራል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1750 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ከእርሷም ከፍ ባሉት ስፍራዎች ሩዝ የዘራ ሰው ይህን ሊያይ ይችላል። የመከነው ሩዝ ግን ለምለም ነው፤ ፍሬ ስላልያዘም ስኳሩ በአገዳው ይቀራል፤ ታቺሱዙካ በማዳቀል ያገኘውን ጠባይ ይህ በብርድ ያገኘዋል። ለጎተራ ከሽፏል ተብሎ የሚተወው ማሳ ለገፈራ ጉድጓድ የተመቸ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ግምት ስለ ሆነ በሙከራ መረጋገጥ አለበት፤ ሙከራውም ብዙ አያስቸግርም። በጨፌ ዳር ባለ ሩብ ጥማድ መሬት ላይ በግንቦት ወይም በሰኔ ይዘራል፤ የቡናው ለቀማ ሳይጠነክር፥ ዝናቡም ገና ሳለ፥ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ታጭዶ፥ ጥቂት ጠውልጎ፥ በአጭር በአጭሩ ይከተከታል። አገዳው ባዶ ነውና በእግር በሚገባ ይረገጣል፤ ጉድጓዱም ታች በኮባ ተነጥፎ ላይ በፕላስቲክና በአፈር ይዘጋል። የካቲት ገብቶ ጨፌው ሲደርቅ ይከፈታል፤ ሽታው እንደ ቆጮ ቢኮመጥጥ፥ ላሚቱም አፏን ብታስገባበት፥ ከእርሷ ፊት የቀረውን መዝኖ መጻፍ የጣቢያው ሠራተኛ ሥራ ይሆናል።